ዓሣ ከሌለ ወረቀት የለም

ጋላጽ፣ ማርች 12

ለተከበሩ እትዬ አግላያ፤ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና ያግኝዎ፤ የብራሰልስ ዝናብም ይራራልዎ።

ከሰላምታዬ ቀጥሎ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ። አጎቴ ቬኒያሚን ለእርስዎ የሚላክ አራት ገጽ ደብዳቤ በቃላቸው አስጽፈውኝ ነበር። «ከፍ ባለ አክብሮት» ብለው ጀመሩት፣ «ከፍ ባለ አክብሮት» ብለው ጨረሱት፤ መሃሉም ከፍ ያለ አክብሮት ነው። ያ ደብዳቤ ዛሬ ስምንት ቦታ ታጥፎ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ አጭር እግር ደግፎ ቆሟል። ጠረጴዛው ቀጥ ብሏል። ደብዳቤው ብራሰልስ ቢደርስ ኖሮ ይህን ያህል አይጠቅምም ነበርና ኃጢአቴ እንደሚቀልልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለዚህ የምጽፍልዎ እኔ ነኝ፤ የእህታቸው የልጅ ልጅ ኢሊንካ። እናቴ ጣልያን አገር የሰው አያት ስለምታጥብ እኔ እዚህ የራሳችንን ሽማግሌዎች እጠብቃለሁ። በአባትዎ ቀብር ቀን ኮትዎ ላይ ሻማ ያንጠባጠብኩት ልጅ ነኝ። ያኛው አደጋ ነበር። በስልክ ለምን አልተነገረኝም እንዳይሉ፣ እርስዎና አጎቴ በስልክ ስትገናኙ የሚሆነውን ጎረቤቶቻችንም ያውቁታል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አጎቴ በዳኑብ ዳር ባለችው የመንግሥት የምርምር ጣቢያ ስተርጅን የሚባሉ ዐሥራ አንድ ትልልቅ እናት ዓሦች ያረባሉ። ከወንዙ ዘራቸው ሊጠፋ ነው፤ እነዚህ እንቁላላቸውን ጥለው ጫጩቶቹ ወደ ወንዙ ካልተመለሱ ሠላሳ ዓመት የደከሙበት ሥራ ውሃ በላው ማለት ነው። ገንዳዎቹ ውስጥ አየር የሚነፋው ፓምፕ ግን እንደ አጎቴ ሆኗል፤ ያስላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ያስላል። ሙቀቱ ሳይመጣ ካልተቀየረ ዓሦቹ ያልቃሉ።

ፓምፑን ለመግዛት ሦስት ሻጮች ዋጋ ማቅረብ አለባቸው። በአገራችን ይህን ፓምፕ የሚሸጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የማይሸጡ ሁለት ሰዎች «አንሸጥም» ብለው እንዲጽፉልን እየለመንን ነው። አንደኛው የትራክተር ጎማ ነጋዴ ነው፤ ስለማልሸጠው ዕቃ ምን በወጣኝ እጽፋለሁ ብሎ ተቆጣ። ሌላኛው ጻፈልን፣ ቀኑን ግን ረሳው። በዚህ ላይ አጎቴ እያንዳንዷን የሥራ ሰዓት ምን ላይ እንዳዋሏት በየወሩ ቅጽ ይሞላሉ። ቅጽ ለመሙላት የጠፋው ሰዓት የሚጻፍበት መስመር ስለሌለ «ዓሣ መመገብ» ከሚለው ሥር ያገቡታል። በወረቀቱ መሠረት የእኛን ዓሦች ያህል የጠገበ ፍጡር በሮማኒያ የለም።

እርስዎ ደግሞ በተመራማሪዎች ላይ የተከመረውን ወረቀት እንዲያቃልሉ መንግሥታችን የቀጠረው የብራሰልስ ቡድን አለቃ ሆነዋል ሲባል ሰማን። እንግዲህ ከእኛ ይጀምሩ። አክስቴ ሳፍታ ሰላም ብላለች፤ ኮትዎ ጸድቶ እንደሆነም ጠይቃለች።

አክባሪዎ ኢሊንካ

•

ብራሰልስ፣ ኤፕሪል 21

ለውድ ኢሊንካ፣

ክርስቶስ ተነሥቷል። ቅድስት ፓራስኬቫ አንቺንም፣ ወንድም ጋሼ ቬኒያሚንንም፣ ሳፍታንም በጥላዋ ታኑራችሁ። ኮቱ አልጸዳም፤ ለድሀ ሰጠሁት።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የአነጋገርሽን ድፍረት በዕድሜሽ አመካኝቼ አልፌዋለሁ። ወንድም ጋሼን በተመለከተ ግን መልካም ዜና አለኝ፤ ይህን ዜና ያዘጋጀሁትም እኔው ራሴ ስለሆንኩ ደስታዬ እጥፍ ነው። ከሜይ መጀመሪያ አንሥቶ አስቸኳይ ዕቃ የሚያስፈልገው ተመራማሪ ሦስት ሻጭ መፈለግ አይጠበቅበትም። አንድ ገጽ ብቻ ይጽፋል፤ «በራሴ ኃላፊነት ይህ ዕቃ አሁኑኑ ያስፈልገኛል» ብሎ ይፈርማል፣ ይልካል። ገንዘቡ በሳምንቱ ይለቀቃል።

ማኅተም አያስፈልግም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቢላቸው። ማኅተምን ከአገሪቱ የምርምር ሥራ ለማንሣት ሁለት ዓመት ታግያለሁ፤ ፊርማቸው ብቻ ይበቃል።

እኔም በበኩሌ ትንሽ ውለታ እጠይቃለሁ። የማሻሻያውን ፍሬ የሚያሳይ መጽሔት እያዘጋጀን ነው። ወንድም ጋሼ ከዓሦቹ አጠገብ ቆመው ፈገግ ያሉበት ፎቶግራፍ ብትልኪልኝ። ፈገግታው ከልብ ይሁን። ሳፍታም የቼሪ ማርማላታዋን ብትልክልኝ አልጠላም፤ እዚህ የሚሸጠው ስኳር ብቻ ነው።

ሥራ ስለሚበዛብኝ መልስ ብዘገይ አትቀየሙኝ።

አክስትሽ አግላያ

•

ጋላጽ፣ ጁን 9

ለተከበሩ እትዬ አግላያ፤ ጤናና ሰላም በቤትዎ ይደር።

ዓረፍተ ነገርዎን ሁለት ሳይሆን ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። ከዚያ ደግመው ራሳቸው በመነጽር፣ ቀጥሎም ያለ መነጽር አነበቡት። «አላትምም» ብለው በሥዕለ ማርያም ፊት ማሉ። የጣቢያውን ክብ ማኅተም ከመስቀላቸው ጋር በአንድ ክር አንገታቸው ላይ እንደሚያንጠለጥሉት ያውቃሉ አይደል? አክስቴ ሳፍታ ሌሊት ሲገላበጡ ደረቷ ላይ «ጋላጽ» የሚል ጽሑፍ ታትሞ ታገኛለች።

ገጹን ጻፉ፤ ፈረሙ። ከዚያ ከፊርማቸው ጎን ያለውን ነጭ ቦታ አፍጥጠው ያዩት ጀመር። ሰው ጥርሱ የወለቀበትን ቦታ በምላሱ እንደሚነካካው ዓይናቸው እየሄደ እዚያው ይመለሳል። ውሃ አምጪልኝ አሉኝ። አመጣሁ። ስመለስ አውራ ጣታቸው ሰማያዊ ሆኗል።

ምን አደረጉ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንም።»

«አጎቴ፣ ማኅተም የለም ተብሏል።»

«ማኅተም የሌለው ወረቀት ሱሪ የሌለው ሰው ነው፤ እንዴት ብሎ ሰው ፊት ይቀርባል?»

አክስቴ ሳፍታ ከምድጃው ሳትዞር፣ «አንተ ሱሪ ለብሰህስ ማን ፊት ቀረብክ?» አለች።

እሳቸው ግን ተነሥተው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ራሳቸው ፖስታ ቤት ሄደው በአደራ ላኩት። እንደ ሙሽራ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ለእኔ አይስክሬም ገዙልኝ።

መልሱ ባለፈው ሳምንት መጣ። ማኅተም ያለበት ማንኛውም ወረቀት የአሮጌው ሥርዓት ወረቀት ተብሎ ስለሚቆጠር ማመልከቻዎ ወደ አሮጌው መስመር ተዛውሯል ይላል። ማለትም ሦስት ሻጭ። ወዲያው ያለ ማኅተም አዲስ ጽፈን ላክን። ከሚኒስቴሩ በስልክ የመለሰችልን ልጅ ድምፅዋ ጣፋጭ ነው፤ ለአንድ ዕቃ ሁለት ማመልከቻ ክፍት ሊሆን አይችልም፣ መጀመሪያ አሮጌው ይዘጋ አለች። እንዴት ይዘጋል ስንላት፣ መዝጊያው ማመልከቻ የአሮጌው ሥርዓት ስለሆነ ማኅተም ያስፈልገዋል፤ እሱንም የሚያየው ኮሚቴ የሚሰበሰበው በሴፕቴምበር ነው አለች። እኔ ሳቅሁ፤ ስስቅም አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ቶሎ አቆምኩ።

እትዬ፣ እዚህ ሙቀቱ ገብቷል። ፓምፑ በቀን ሦስቴ ይቆማል። አራት እናቶች ሞተዋል። ለእያንዳንዷ የሞት ቅጽ ተሞልቷል። አንድ ስልክ ቢደውሉ ያቺ ባለጣፋጭ ድምፅ ልጅ አሮጌውን ማመልከቻ ትዘጋለች። የእርስዎን ስም ስጠራባት ከወንበሯ እንደተነሣች በስልኩ ተሰማኝ።

ማርማላታው ተልኳል። ፎቶግራፉን አልላክሁም፤ ፈገግታ ጠፋ።

ኢሊንካ

•

ብራሰልስ፣ ጁላይ 15

ለውድ ኢሊንካ፣

የእግዚአብሔር ሰላም አይለያችሁ። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ። ማርማላታው ደርሷል፤ አንዱ ብልቃጥ መንገድ ላይ ተሰብሯል፤ ሳፍታን አመስግኚልኝ።

ስለ ስልኩ ጉዳይ፦ ወንድም ጋሼ ዘመዴ ናቸው። እኔ በጻፍኩት ደንብ የዘመዴን ማመልከቻ ባስፈጽም ነገ ጋዜጣ ላይ እወጣለሁ። ደንቡ ለሁሉም እኩል ካልሠራ ለማንም አይሠራም። ወንድም ጋሼንም አትሙ ያላቸው አልነበረም።

ይልቅ አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። ማሻሻያው ጫናውን እንደቀነሰ ለመንግሥት በማስረጃ ማቅረብ አለብን። አንድ የከበረ ተመራማሪ በራሱ ኃላፊነት የሚፈርመው አጭር ቃል ያስፈልገኛል፤ ከማሻሻያው በፊት ስንት ሰዓት በወረቀት ይጠፋ ነበር፣ አሁንስ ስንት ነው፣ ይኸው ነው። የወንድም ጋሼ ስም ክብደት አለው። በወሩ መጨረሻ ካልደረሰኝ የቡድኔ ሥራ ለሌላ ይሰጣል።

ፎቶግራፉን አትርሺ። ዓሦቹ ካልተመቹ እሳቸው ብቻ ቢሆኑም ይበቃል።

አክስትሽ አግላያ

•

ጋላጽ፣ ጁላይ 27

ለተከበሩ እትዬ አግላያ፤ ያሰቡት ሁሉ ይሳካልዎ።

ዓሦቹ ለፎቶግራፍ አይመቹም። ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ፓምፑ ቆመ፤ በዚያው ቀረ። አጎቴ የጀልባ መቅዘፊያ ይዘው ገንዳ ውስጥ ገቡ፣ እኔ በባልዲ ውሃ እየቀዳሁ ከላይ አፈስሳለሁ፤ እንዲህ ብናናውጠው አየር ይገባዋል ብለን። ዓሦቹ ረጅም አፍንጫቸውን ወደ ላይ እያወጡ አፋቸውን ይከፍታሉ። አጎቴ አንዷን ወደ ላይ ሲደግፏት ሌላዋ ትገለበጣለች። ስድስቱ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጡ። አጎቴ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው መቅዘፍ አላቆሙም፤ በቃ፣ አልቋል አጎቴ፣ ብዬ እጃቸውን እስክይዝ ድረስ።

ማታውን የሞት ቅጽ ሞሉ። የሞት ምክንያት የሚለው ላይ በሽታ፣ ስርቆት፣ እርጅና፣ ሌላ ይላል። «ሌላ» ብሎ የሚመርጥ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ስለዚህ ለሁሉም እርጅና ብለው ጻፉ። «መጠበቅም ያስረጃል» አሉ።

አንዷ ግን ተርፋለች። ይህን የምነግርዎ ለቤተ ዘመድ ብዬ ነው። ትልቋ፣ ኮንቴሳ ብለው የሚጠሯት፣ እንቁላል የያዘችው። በርጥብ ብርድ ልብስ ጠቅልለን በመኪና አምጥተን የመታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ አስገባናት። የጎረቤት ልጅ ለወርቃማ ዓሦቹ የነበረችውን ትንሽ የአየር መንፊያ አዋሰን። አጎቴ ሌሊት ከገንዳው አጠገብ በርጩማ ላይ ይተኛሉ። አክስቴ ሳፍታ ገላዋን ጎረቤት ሄዳ ነው የምትታጠበው። መጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆማ ዓሣዋን አየቻትና፣ «ሠላሳ ዓመት ሌላ ሴት ነበረችህ፤ ደግሞ ዛሬ ቤቴ ድረስ አመጣሃት?» አለቻቸው። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት በረዶ ገዝታ የምታመጣላት እሷ ነች።

የጠየቁት ቃል ከዚህ ጋር ተያይዟል። አጎቴ ደክሟቸዋልና እንዳላስቸግራቸው ብዬ ሁሉንም ነገር አቃለልኩላቸው፤ ፊርማውም እንደሚያዩት እሳቸው ከሚፈርሙት ይልቅ ይነበባል። እንዲህ ይላል፦

«እኔ ቬኒያሚን በራሴ ኃላፊነት እንደማረጋግጠው፣ ከማሻሻያው በፊት ከሥራ ጊዜዬ ሁለት ሦስተኛው በወረቀት ያልቅ ነበር። ስለ እያንዳንዷ ዓሣ መብል፣ ውሃና ጤና በየሳምንቱ ቅጽ እሞላ ነበር። ከማሻሻያው ወዲህ በጣቢያውም ሆነ በእጄ አንድም ዓሣ ስለሌለ የምሞላው ቅጽ የለም። ጫናው ሙሉ በሙሉ ተነሥቶልኛል። ለዚህ ላበቁኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።»

እትዬ፣ አንብበው ሲያፍሩ ማየት እንዴት በወደድኩ ነበር።

ኢሊንካ

•

ብራሰልስ፣ ሴፕቴምበር 2

ለውድ ኢሊንካ፣

እግዚአብሔር ለቤታችሁ በረከቱን ያውርድ። የላክሽልኝ ቃል ከጠበቅሁት በላይ ነው። በትልቁ አዳራሽ ተነበበ። ሌሎቹ ተመራማሪዎች ጫናው በሩብ ቀነሰ፣ በሲሶ ቀነሰ ሲሉ የወንድም ጋሼ ሙሉ በሙሉ መሆኑ ሰዉን አስደነቀ። ስለ ዓሦቹ ያለው ሐረግ ስላረዘመው ለመጽሔቱ አሳጥረነዋል፤ «ከማሻሻያው ወዲህ የምሞላው ቅጽ የለም» ብሎ ይወጣል። ሙሉው ቃል ግን እንደ ደንቡ ወደ ሚኒስቴሩ ተልኳል።

ሚኒስቴሩም ዓሣ የሌለውን የዓሣ ጣቢያ ማስተዳደር ትርጉም እንደሌለው አይቶ ጣቢያውን ለመዝጋት ወስኗል። በመጀመሪያ ሲሰሙት ሊከብዳቸው ይችላል፤ ግን አስቢው፣ ወንድም ጋሼ ዐርፈው አያውቁም። አሁን ያርፋሉ።

አንድ ነገር ይቀራል። በደብዳቤሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስላለችው ዓሣ ጽፈሽልኛል። ወንድም ጋሼ በእጄ አንድም የለም ብለው ስለፈረሙ ያቺ ዓሣ በየትኛውም መዝገብ የለችም፤ ባለቤት የሌላት የወንዝ ስተርጅን ናት፤ እሷን ቤት ማኖር ደግሞ በሕግ ያስቀጣል። እኔ ይህን እያወቅሁ ዝም ብል ተባባሪ እሆናለሁ። ስለዚህ ለሚመለከተው ክፍል አሳውቄያለሁ። ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ መጥተው ይወስዷታል፤ ለወንድም ጋሼም የሚበጀው ይኸው ነው። ከቤተ ዘመድ ይልቅ ከባዕድ ቢሰሙት እንዳይከፋቸው አንቺ አስቀድመሽ በለዘብታ ንገሪያቸው።

መጽሔቱን እልክላችኋለሁ።

አክስትሽ አግላያ

•

ጋላጽ፣ ሴፕቴምበር 11

እትዬ አግላያ፣

ጤናዎን ሳልጠይቅ ብጀምር ይቅር ይበሉኝ፤ ደህና መሆንዎ ከደብዳቤዎ ታውቋል።

በለዘብታ አልነገርኳቸውም። በሻካራም አልነገርኳቸውም። ደብዳቤዎ የደረሰ ቀን ከፍራሼ ሥር አስገባሁት፤ ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ ስል ሰዎቹ ትናንት ጠዋት በራችንን አንኳኩ። ሁለት ናቸው፤ እውነትም ጨዋዎች። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። አንደኛው ካልሲው ተቀድዶ አውራ ጣቱ ይታያል፤ አክስቴ ሳፍታ በልማዷ የምትለው አታጣም ነበር፤ ትናንት ግን መንገድ ለቀቀችላቸው።

አጎቴ የገንዳውን ጠርዝ ይዘው ቆመው፣ ዓሣዋ የጣቢያው እናት ዓሣ መሆኗን፣ ቁጥር እንዳላት፣ እንቁላሏ በጸደይ ወንዝ መግባት እንዳለበት በዝግታ አስረዷቸው። ካልሲው የተቀደደው ሰው አዝኖ ሰማቸውና ከቦርሳው ወረቀቱን አወጣ።

«ጌታዬ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

አጎቴ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው» የሚለው ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ በሩ ተመለከቱ፤ እኔ እዚያ ነበርኩ። ውሸት ነው፣ አልፈረምኩም ቢሉ ኮንቴሳ እኛ ጋ ትቀር ነበር። ሰዎቹም ማን እንደፈረመ ይጠይቁ ነበር።

«የኔ ነው» አሉ።

በርጥብ አንሶላ ጠቀለሏት። በደረጃው ሲወርዱ ጅራቷ የግድግዳውን ቀለም ይጠርግ ነበር። ለጊዜው ከተማ ዳር ወዳለው መጋዘን ነው የወሰዷት፤ እዚያ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ የአየር መንፊያ የለውም፤ የማን እንደሆነች እስኪወሰን ሁለት ሳምንት ትቆያለች። ሁለት ቀን እንደማትቆይ እኔም አውቃለሁ። ካልሲው የተቀደደው ሰው ከሁሉም ኋላ ቀርቶ በሹክሹክታ፣ ፈራሚው የፊተኛው ቃሌ ስህተት ነው ብለው ዛሬ ነገ ቢጽፉ ዓሣዋ ትመለሳለች፤ በሐሰት ቃል መከሰሳቸው ግን አይቀርም አለኝ።

አጎቴ አይጽፉም፤ ክሱ ሲመረመር የእኔ እጅ እንዳይታወቅ ነው መሰለኝ። ጠየቅኋቸው። ከትናንት ጀምሮ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ባዶውን ውሃ ያያሉ፤ ማንም መድፈኛውን ነቅሎ ውሃውን አላፈሰሰም። ቤታችን እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ እትዬ፣ ተኩላ የገባበት በረት ይመስላል።

ስለዚህ እኔ ጻፍኩላቸው። ነገ ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት ይዤ እደርሳለሁ። ቅጂውን ለእርስዎም እልካለሁ፤ ለመጽሔትዎ ቢያሳጥሩት ደስታዬ ነው፦

«እኔ ቬኒያሚን በራሴ ኃላፊነት እንደማረጋግጠው፣ በእጄ ዓሣ የለም ብዬ የፈረምኩት ስህተት ነው። ኮንቴሳ የጣቢያው ናት፤ በሕይወት አለች፤ አየር ያስፈልጋታል። ስለ ተሳሳተው ቃሌ በፍርድ ቤት የሚመጣብኝን ሁሉ» እያለ ይቀጥላል።

መጨረሻቸው እስር ቤት ቢሆንስ ብዬ አስቤያለሁ። ስልሳ ሰባት ዓመት የሆነውን ሰው አያስሩም ይመስለኛል። ካሰሩም እኔው ነኝ ብዬ እገባለሁ። መጀመሪያ ግን ዓሣዋ ትመለስ።

የቀረኝ ፊርማው ነው። ባለፈው ጊዜ አምሮልኝ ነበር፤ ዛሬ አላምር አለኝ። የመጀመሪያው ፊደል ወደ ታች ወርዶ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፤ አራት ጊዜ ጋዜጣ ላይ ሞከርኩት፤ አምስተኛውን ወረቀቱ ላይ ጀምሬዋለሁ።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተንቋቋ። አጎቴ ወደ ወጥ ቤት የሚሄዱ መሰለኝ፤ አልሄዱም። ከኋላዬ ቆመዋል። መነጽራቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ ይሰማኛል። ፊርማው መንጠቆው ላይ ቆሟል፤ ብዕሬን ከዚህ ደብዳቤ አላነሣሁም። በስማቸው የጻፍኩትን ያነባሉ፤ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው፣ ከላይ ጀምረው።

«ኢሊንካ» አሉ።